ገመና የሚሸፍን ሐረግ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው በጋው?

ባሕር ዳር ወደ ላይ እያደገች ነው። ትናንት ባዶ የነበረ ቦታ ላይ ዛሬ ጂ ፕላስ ቱ ቆሟል። በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው የእናንተን ግቢ ቁልጭ አድርጎ ያያል። ልብስ ስታሰጡ ይታያል፣ ቡና ስታፈሉ ይታያል። ግንቡን ከፍ እናድርግ ቢባል ደግሞ የብሎኬቱም የሲሚንቶውም ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ሐረግ አዙሯል። ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚበላሸው ምርጫው ላይ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ለአጥር የሚሆን ሐረግ ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ብርድ የሚችለውን ምረጡ» የሚል ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው የዘር ፓኬትም ላይ «ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። አይዋሽም፣ ይችላል። ጥያቄው እሱ ብርድ የመቻል ችሎታው ጣና ዳር ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር

«ዞን 4»፣ «ዞን 7» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በብርድ ልክ በ13 ቀጠና ከፍሎታል፤ ቁጥሩ ከዚያ የመጣ ነው። መለኪያው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዓመቱ ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘው ሌሊት ስንት ዲግሪ ይወርዳል? የብዙ ዓመት አማካይ ተወስዶ ቦታው ቁጥር ይሰጠዋል። በአንዱ ቀጠናና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት 5.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ዞን 4 ማለት ሌሊቱ ከዜሮ በታች እስከ 34 ዲግሪ የሚደርስበት አገር ነው። ዞን 13 ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም።

ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ስለ በጋ አንድም ቃል አይናገርም። ዝናቡ ስንት ወር ይጠፋል፣ አፈሩ ዋልካ ነው ቀይ፣ የቀትር ፀሐይ ምን ያህል ይጠብሳል፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን የኛን ከተማ እንይ። የጣና ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከተማዋም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ጋቢ ያስለብሳል፣ ሐረግ ግን አይገድልም። ሐይቁም ራሱ ይረዳል። ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ዳርቻው ላይ ብርዱ ለዘብ ይላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው የደጋውን ብርድ አስቦ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ በጥቅምት ቢራ ይጠጣል።

ዝናቡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ይሄ ትንሽ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠቃሎ መውረዱ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ምድሩ ይደርቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀትሩ ወደ 30 ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሐረግ ሁለት ፈተና አለበት፤ ክረምት ላይ ውኃ ውስጥ ቆሞ አለመበስበስ፣ በጋ ላይ ደግሞ ቅጠሉን ይዞ መቆየት። ብርድ ሦስተኛም አይሆን።

ብርድ የሚችል ሐረግ ብርዱን የሚችለው እንዴት ነው?

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በቀዝቃዛ አገር ዕውቅ የሆኑት ሐረጎች፣ አምስት ጣት ቅጠል ያለው የቨርጂኒያ ሐረግም ሆነ ሐምራዊ አበባውን እንደ ወይን ዘለላ የሚያንጠለጥለው ዊስቴሪያ፣ ብርዱን የሚያልፉት ቅጠላቸውን አራግፈው ነው። መፀው ሲመጣ ቀኑ ያጥራል፣ ሙቀቱ ይወርዳል። ተክሉ ይሄን ሲያይ ምግቡን ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይሰበስባል። ሴሎቹ ውስጥ ስኳር ይጨምራል፤ ስኳር ያለው ውኃ ቶሎ አይረጋም። ከዚያ ራቁቱን ይተኛል። ፀደይ ሲመጣ ይነቃል።

እዚህ ሲመጣ ምልክቶቹ ይጠፉበታል። አሜሪካ ውስጥ ቀዝቃዛዋ ሚኒሶታ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ወደ 7 ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ባሕር ዳር ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። «ተኛ» የሚለው የለ፣ «ተነስ» የሚለውም የለ። አንዳንዱ ተክል ደግሞ የተወሰነ ጊዜ ካልበረደው እንቡጡ በወጉ አይፈነዳም። አፕል ደጋው ጨንቻ ላይ ተሳክቶለት እኛ ጋ የሚያንገራግረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ተክል እዚህ ብትተክሉት ላይሞት ይችላል። ግማሽ ቅጠል አውጥቶ፣ ግማሹ ደርቆ፣ አበባውን ነፍጎ ዓመታት ሊከርም ይችላል። እንዲህ ያለውን ደግሞ ለመንቀልም አንጀት አይጨክንም።

እሺ፣ ተስማማው እንበል። ቅጠሉን ማራገፉ የት ይቀራል? ገመና ሸፋኝ ይሆናል ብላችሁ የተከላችሁት ነገር በዓመት ሁለት ሦስት ወር የደረቀ ገመድ ሆኖ ይቆማል። ያውም ሰው ደጅ በሚወጣበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የጥር ሰርግ አለ። ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ አጥሩ ወለል ብሎ ይታያል።

የወይን ሐረግም እንደዚያው ነው። ለጥላውና ለፍሬው ትከሉት፤ መጋረጃ ይሆነኛል ብላችሁ ግን አትመኩበት።

ታዲያ ምን ይተከል?

የምትመርጡት በጋውን ቅጠሉን ይዞ የሚያልፍ፣ ከታች እስከ ላይ የሚሸፍን፣ አጥራችሁም የሚሸከመው መሆን አለበት። እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላው ብዙ አይደለም።

ቡገንቪሊያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ካሰኟት አንዱ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ዓለምን በመርከብ ከዞረው ፈረንሳዊ፣ ከቡገንቪል ነው። አንዱን ዘለላ ቀንጥሳችሁ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። አበባ የምንለው ቀዩ ወይም ሐምራዊው ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። አበባው መሐል ላይ ያለችው፣ ጣት የማታህል ነጭ ቱቦ ናት። ቅጠል ስለሆነ ነው ለሳምንታት ሳይጠወልግ የሚቆየው።

የቡገንቪሊያ ጠባይ ለባሕር ዳር የተሠራ ይመስላል። ሥር ከያዘ በኋላ ውኃ ሲጎድልበት ይቀላል። ብዙ ሰው «አበባ እምቢ አለኝ» ሲል የሚያጠፋው ውኃና ፍግ በማብዛት ነው። ተንከባክቦ ተንከባክቦ ቅጠል ብቻ ያበቅላል። ሁለት ክፉ ጎን አለው። አንደኛ እሾሁ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ጎን አይተከልም። ሁለተኛ ክብደቱ፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ፓሽን ፍሩት የችኩል ሰው ሐረግ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አጥር ይሸፍናል፣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ፍሬ ይሰጣል። ቅጠሉን አያራግፍም። ሐምራዊ ፍሬ ያለው ከቢጫው ይልቅ ቅዝቃዜ ይችላል፤ በዚያ ላይ ብቻውን ያፈራል። ቢጫው ግን አበባውን ከሌላ ተክል በመጣ ዱቄት የሚያዳቅልለት ትልልቅ ንብ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ እግር ብቻ የምትተክሉ ከሆነ ሐምራዊውን ውሰዱ።

ፓሽን ፍሩት እንዴት እንደሚወጣ ጠዋት ጠዋት ተቀምጦ ማየት ደስ ይላል። ከቅጠሉ ብብት ቀጭን ክር ይወጣል። ክሩ በአየር ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፣ የሚይዘውን እየፈለገ። ሽቦ ሲነካ ጫፉ ይጠመጠማል። ከዚያ በኋላ ነው ብልሃቱ። የቀረው ክር እንደ ሞላ ይጠቀለላል፤ ግን ሁለቱም ጫፍ ተይዟልና በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጠቅለል አይችልም። ስለዚህ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይዞራል። መሐል ላይ የሚገለበጥበት ቦታ በዓይን ይታያል። በዚህ ሞላ ምክንያት ንፋስ ሲመጣ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ነገር አለ። ክሩ የሚይዘው ቀጭን ነገር ነው። ሽቦ ይይዛል፣ ገመድ ይይዛል። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ለስላሳ ቆርቆሮ ላይ ግን ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የፓሽን ፍሩት ጠላት ውኃ የሚያቁር ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ ይበሰብስና መስከረም ላይ፣ ሁሉ ነገር ሲለመልም፣ እሱ ይጠወልጋል። ሰው ውኃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። ዕድሜውም አጭር ነው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል። ብቻውን አትመኑት።

እኔን ብትጠይቁኝ አንደኛ የማደርገው ጠምበለልን ነው። ያገራችን ነው፣ ጫካችን ውስጥ ዛፍ ላይ ሲወጣ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ነጭ አበባው ሲመሽ ግቢውን በመዓዛ ይሞላዋል። እሾህ የለውም፣ እንደ ቡገንቪሊያ አይከብድም። ነውሩ አለመቸኮሉ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከመሬት በላይ ምንም የሚሠራ አይመስልም፤ ሥሩን እየሰደደ ነው። ለዚህ ነው ፓሽን ፍሩትና ጠምበለል አብረው ሲተከሉ የሚስማማኝ። ፓሽኑ ቶሎ ይሸፍናል፣ እሱ ሲደክም ጠምበለሉ ደርሷል።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ባዶውን ቦታ ቅል ወይም አደንጓሬ ልታስወጡበት ትችላላችሁ። ሰኔ ተዘርቶ ነሐሴ ላይ አጥሩን ይይዛል፣ ኅዳር ላይ ይደርቃል። ርካሽ ነው፣ ይበላልም።

አይቪ የሚባለው የፈረንጅ ሐረግ ቅጠሉን ሳያራግፍ ብርድን ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጥላ ይወዳል። በስተሰሜን በኩል ባለ ግንብ፣ ወይም ከዛፍ ሥር ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ግን ገንዘብ አታጥፉ።

እንዶድም ሐረግ ነው፣ ሰው ይረሳዋል። ድርቅ ይችላል፣ ሰፊ ግቢ ጥግ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይሸፍናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በሽታውን የሚከላከሉበትን መንገድ ያገኙት። ያው ባሕርዩ ግን ዓሣንም ይገድላል። ቦያችሁ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ከሆነ ፍሬው የሚረግፍበትን ቦታ አስቡበት።

ሐረግ ባይሆንም ሰንሰልን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጎጃም ውስጥ አጥር ማለት ሰንሰል የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ቁራጩን ሰኔ ላይ መትከል ነው፤ ድጋፍ አይፈልግም፣ ሽቦ አይፈልግም። ወርዱ አንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ካላችሁ ምን ሐረግ ያስፈልጋል? ሐረግ የሚያዋጣው ቦታ ለጠበበው ሰው ነው። የቅንጭብ አጥር ግን ልጅ ያለበት ቤት ይቅር፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ከውጭ የሚመጣውን በተመለከተ

ዘርም ችግኝም ወደ አገር ለማስገባት የኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ሸጉጦ መምጣት ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። እምቦጭ ከአማዞን አገር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሮ ነው፤ ለኩሬ ጌጥ እየተባለ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ ያደረገውን ለባሕር ዳር ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከማዳጋስካር የመጣ አንድ የጌጥ ሐረግም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግራር ላይ እየወጣ ዛፉን ውጦታል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በነበረው ኤግዚቢሽን አድንቀው የተቀበሉት ኩድዙ የሚባል የጃፓን ሐረግ ዛሬ ደቡቡን አልብሶታል። ሻጩ «በፍጥነት ያድጋል፣ ምንም አይነካውም፣ በራሱ ይራባል» ካለ፣ እሱ ለእኔ ማስታወቂያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

አጥሩ ምን ይላል?

ሐረግ ከመግዛታችሁ በፊት አጥራችሁን ነቅንቁት። የምሬን ነው፣ በእጃችሁ ያዙና ነቅንቁት።

ቡገንቪሊያ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ግንዱ የሰው ክንድ ያክላል። ቅጠሉ ዝናብ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል። ሚያዝያ ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናቡን የሚቀድመው ንፋስ አለ። በቅጠል የተሸፈነ አጥር ንፋሱን አያሳልፍም፣ ይገፋበታል። ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ቋሚ እዚያው ይሰበራል። ስለዚህ የእንጨት አጥር ከሆነ ጠምበለልና ፓሽን ፍሩት ይበቃዋል። ቋሚውን ከመትከላችሁ በፊት መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ዘይቱ የነካው አፈር ላይ ግን ሐረጉን አትትከሉ፣ ፈንጠር አድርጉት። ለቡገንቪሊያ ቱቦላሬ ወይም ግንብ ያስፈልጋል።

ቆርቆሮ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። መጋቢት ላይ ቀትር ሲሆን እጅ አያስነካም። ለጋው ጫፍ ሲደገፍበት ይጠበሳል። ሰው «ሐረጉ አልተስማማውም» ይላል፤ ያልተስማማው ቆርቆሮው ነው። መላው ቀላል ነው። ከቆርቆሮው አንድ መዳፍ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሽቦ ወጥሩ። በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አግድም አንድ መስመር። በሽቦውና በቆርቆሮው መካከል አየር ሲያልፍ ጫፉ ይተርፋል።

የብሎኬት ግንብም ሽቦ ይፈልጋል፣ አይቪ ካልሆነ በቀር። አይቪ በሥሩ ራሱን ይለጥፋል። ደህና ግንብ አይጎዳም፤ ልስኑ የላላ ከሆነ ግን ይዞት ይወርዳል።

ታቹ ራቁቱን እንዳይቀር

ሐረግ ተክለው ያዘኑ ሰዎችን ብትጠይቁ አብዛኞቹ የሚነግሯችሁ አንድ ነው። ላይ ላዩ ጫካ ሆነ፣ ከወገብ በታች ግን ባዶ ግንድ ነው። ጎረቤት አናታችሁን አያይም፣ እግራችሁን ያያል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሐረጉ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ በግንዱ ወደ ታች ሲወርድ በየአንጓው ላይ ያሉትን ቡቃያዎች «እናንተ ቆዩ» ይላቸዋል። ጫፉ ብቻውን ወደ ብርሃን ይሮጣል። ለጫካ ሐረግ ይሄ ብልህነት ነው፤ ጥላ ውስጥ ቅርንጫፍ ማውጣት ኪሳራ ነውና። ለአጥር ግን አይሆንም።

ሁለት መፍትሔ አለው፣ ሁለቱንም ተጠቀሙ። የመጀመሪያው መቁረጥ ነው። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት። ያሳዝናል፣ ግን ቀንጥሱት። ትእዛዝ ሰጪው ሲጠፋ ከታች ያሉት ቡቃያዎች ይነሳሉ፤ አንዱ ግንድ ሦስት አራት ይሆናል። ሁለተኛው ማጋደም ነው። አዲሶቹን ግንዶች በቀጥታ ወደ ላይ አትልቀቋቸው። በታችኛው ሽቦ ላይ ግራና ቀኝ አግድም እሰሯቸው። ግንድ ሲጋደም ጫፉ በሌሎቹ ላይ ያለው የበላይነት ይላላል፣ በየአንጓው አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ታችኛው ሽቦ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከጎረቤት የዘገያችሁ ይመስላል። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ችግኝ ስትገዙም ይሄው ሕግ ይሠራል። መንገድ ዳር ያሉት ሻጮች ረጅሙን ያነሳሉ። «ይሄኛው ይሻልዎታል ጋሼ፣ ደርሷል።» እኔ «የለም እታለም፣ ያቺን ድንክዬዋን አምጪልኝ» እላለሁ። ከሥሩ ሁለት ሦስት ሆኖ የወጣ አጭር ችግኝ፣ አንድ ሆኖ ከተመዘዘ ረጅም ይበልጣል። ላስቲኩንም ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ሥሩ ከታች ወጥቶ ክብ ሠርቶ ከሆነ ቆይቷል፣ ተዉት።

ተከላው

ጊዜው ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ሁለት ሦስቴ መሬቱን ካራሰ በኋላ። ብዙ ሰው ለእንቁጣጣሽ ግቢውን ሲያሳምር መስከረም ላይ ይተክላል። አበባው ያምራል፣ ግን ሥሩ ሳይጠልቅ በጋው ይይዘዋል።

ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይሁን፣ ጥልቀቱም ያንኑ ያህል። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡ፤ ከደረቀና ከቆየ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ ክረምት ላይ ባልዲ ይሆንና ውኃ ያቁራል። ስለዚህ አፈሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ጉብታው ላይ ትከሉ። ከግንቡ ሥር ድረስ አትጠጉ። መሠረቱ ጋ አፈሩ ሲሚንቶና ፍርስራሽ የበዛበት ነው፤ ዝናብም በደንብ አይደርሰውም። 40 ሳንቲ ሜትር ራቅ ይበል። ቡገንቪሊያን ስትተክሉ ላስቲኩን ቅደዱ እንጂ ችግኙን ጎትታችሁ አታውጡ፣ ሥሩ ቀጭንና ቶሎ የሚበጠስ ነው።

በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት ለቡገንቪሊያ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ለፓሽን ፍሩት ሦስት፣ ለጠምበለል ሁለት ሜትር ያህል ነው። 20 ሜትር አጥር ካላችሁ ስምንት ቡገንቪሊያ ይበቃል ማለት ነው። «ቶሎ እንዲሸፍን» ብሎ በየግማሽ ሜትሩ መደርደር እርስ በርስ ማሻማት ነው።

የመጀመሪያው በጋ ላይ ውኃ አይቀርም። በየቀኑ አንድ ኩባያ ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አንድ ጀሪካን በደንብ ማጠጣት ይበልጣል። ላይ ላዩን የረጠበ አፈር ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ጠልቆ የገባ ውኃ ሥሩን ይስበዋል። ቤት የማትውሉ ከሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ብሱና በአፉ ዘቅዝቃችሁ ሥሩ ጋ ቅበሩት። ውኃው ስትጨምሩበት እንዲገባ ቂጡን በትንሹ ብሱት፣ ቆርጣችሁ ግን አትክፈቱት። ባሕር ዳር የወባ አገር ነው። ወባ ትንኝ የምትራባው የቆመ ውኃ ላይ እንጂ ቅጠል ላይ አይደለም፤ «ሐረግ ወባ ያመጣል» የሚለው ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ክፍት ጠርሙስ ግን ያመጣል። ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጉዝጓዝ አድርጉ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ። እና ፍየል። የመጀመሪያውን ዓመት ዙሪያውን እሾህ ካላጠራችሁለት ይሄ ሁሉ ምክር የፍየል ቀለብ ነው።

ደብረ ታቦር ላለ ዘመድ

እዚያ ግን የብርዱ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር፣ ደባርቅ ከዚያም በላይ ነው። ጥርት ያለ ሰማይ፣ ንፋስ የሌለበት ሌሊት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። አንድ ሰፈር ውስጥ ጉብታው ላይ ያለው ቤት ሐረጉ ሲተርፍለት ከታች ያለው ይቃጠልበታል። ግንብ ሥር ያለ ተክል የተሻለ ዕድል አለው፣ ግንቡ ቀን የያዘውን ሙቀት ይመልስለታል።

ፓሽን ፍሩት እዚያ አይመከርም። ቡገንቪሊያም ያረጀው ቀላል ውርጭ ቢችል እንኳ ለጋው ይጠቁራል። የሚሆነው የደጋው የራሱ ነው። አንዱ ጠምበለል ነው። አዞ ሐረግ አለ፣ አበባው ካለፈ በኋላ ነጭ ጭገር የሚያለብሰው፤ በቅጠሉ እጀታ እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቃጥል ስትገርዙት ጓንት አድርጉ። ቀጋም አለ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የራሱ የሚለው የጽጌረዳ ዝርያ እሱ ነው። በራሱ አይጠመጠምም፣ በእሾሁ እየተንጠላጠለ ነው። ሽቦ ላይ ካሰራችሁት ዓይንም እግርም አያሳልፍም፣ ልጆችም ፍሬውን ይለቅሙታል።

መግረዙ

ቡገንቪሊያ የሚገረዘው አበባው ሲያልፍ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ። ከመግረዛችሁ በፊት ጎረቤትን አነጋግሩ። ግማሹ ቅርንጫፍ እሱ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚረግፈውን የሚጠርገውም እሱ ነው። ወደ ቆጣሪው ወይም ወደ መብራት መስመሩ የሄደ ካለ በገዛ እጃችሁ አትጎትቱ፣ ባለሙያ ጥሩ።

የተቆረጠውን አትጣሉ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን፣ ለጋም ያልሆነ ያረጀም ያልሆነ፣ አንድ ስንዝር አድርጋችሁ ቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር በሰያፍ፣ የላዩን ቀጥ አድርጋችሁ፤ የትኛው ታች እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ። ቅጠሉን አራግፉ። አሸዋ የበዛበት አፈር ባለው ላስቲክ ውስጥ ሁለት አንጓ ገብቶ ሁለት አንጓ ውጭ እንዲሆን ሰክታችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ አይጨቅይ። ቅጠል ስላወጣ ሥር አውጥቷል ማለት አይደለም፤ ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት እምቢ ካለ፣ ያኔ ይዟል።